ውጭ አገር ሆኖ የፖሊስ ክሊራንስ ማውጣት፦ ለጎጃም ልጅ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ቪዛ፣ መኖሪያ ፈቃድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው «ከአገርህ ፖሊስ ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጣ» ሲባል መጀመሪያ የሚደውለው ወደ ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ሞጣ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ቅርቡን ያስባል፤ ወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ የሚያውቀውን ሰው ጠይቆ፣ ደብዳቤ ማጻፍ። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ማኅተምም ያርፍበታል፤ ችግሩ ውጭ አገር ሲደርስ የማይቆጠር መሆኑ ነው። ኤምባሲዎችና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት በአሥር ጣት አሻራ ተጣርቶ በኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ የሚሰጠውን ነው። የወረዳው ወረቀት ለአገር ውስጥ ጉዳይ ይበቃ ይሆናል፤ ለቪዛ ግን የትራንስፖርት ብር ማባከን ነው።

ስለዚህ ጣቱ ውጭ አገር፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቤተሰቡ ጎጃም ሆኖ ሦስቱ መገናኘት አለባቸው። የሚያገናኙ መንገዶች አራት ናቸው፦ ራስ መጥቶ አሻራ መስጠት፣ አሻራውን ባሉበት አገር ሰጥቶ በውክልና ማስጨረስ፣ ለጉዳይ አስፈጻሚ ከፍሎ መተው፣ ወይም ወረቀቱን ማምጣት የማይቻልበትን ምክንያት ለጠያቂው መሥሪያ ቤት ማስረዳት። እኔ ለአብዛኛው ሰው ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ለማን እንደማይሻል የሚታወቀው ግን ጠያቂው ማን እንደሆነና ምን እንዳለ ከተነበበ በኋላ ነው።

የጠየቃችሁ አገር ምን ይላል?

አገሮቹ የሚጠይቁት ወረቀት አንድ ቢመስልም ሕጋቸው አይገጥምም። ካናዳ ዕድሜው 18 የሞላውን አመልካች የምትጠይቀው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ለኖረባቸው አገሮች ነው። አሜሪካ ለኢሚግራንት ቪዛ ከ16 ዓመት ጀምሮ ትጠይቃለች፤ በዜግነት አገሩ ከ6 ወር በላይ የኖረ ሰው፣ ከወጣ ስንትም ዓመት ይሁነው፣ የዚያን አገር ወረቀት ያቀርባል። አሁን በሚኖርበት አገር ከ6 ወር በላይ ከቆየ የዚያንም፤ ከ16 ዓመቱ በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ የኖረበት ሌላ አገር ካለም የእሱን ይጨምራል። አውስትራሊያ የምትቆጥረው ባለፉት 10 ዓመታት ከ16 ዓመት ዕድሜ በኋላ በድምሩ 12 ወር የኖሩበትን አገር ነው። እንግሊዝ ደግሞ ሁሉንም ሠራተኛ አትጠይቅም፤ በትምህርት፣ በጤናና በእንክብካቤ ሥራ ለሚገቡ ግን በ10 ዓመት ውስጥ በድምሩ 12 ወር ለኖሩበት አገር ሁሉ ትጠይቃለች።

ልዩነቱ በሰው ሕይወት ላይ ሲታይ ትልቅ ነው። ከአማኑኤል ከተማ ወጥቶ 15 ዓመት ሙሉ አውሮፓ የኖረ ሰው፣ በመሃል አገር ቤት የገባው ለአጭር ጉብኝት ብቻ ከሆነ፣ ካናዳ የኢትዮጵያን ወረቀት ላትጠይቀው ትችላለች። አሜሪካ ግን ያንኑ ሰው ትጠይቀዋለች። ከቢቸና ወጥታ ቤይሩት 3 ዓመት ሠርታ አሁን ዱባይ 2 ዓመት የሆናት ልጅ ዲቪ ቢደርሳት የሚጠበቅባት የኢትዮጵያ፣ የሊባኖስና የኤምሬትስ ወረቀት ነው። በዲቪ ደግሞ ቀን አይለመንም፤ የዓመቱ ቪዛ መስጫ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20 ገደማ ነው። ስለዚህ እሷ መጀመር ያለባት በጣም ከሚዘገየው ነው፤ ያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተሠራበትና አሁን ማንም ዘመድ የሌለበት አገር ነው እንጂ የኢትዮጵያው አይደለም።

ሌላው የሚረሳው የወረቀቱ ዕድሜ ነው። ከዓመታት በፊት ያወጣችሁት ክሊራንስ ሻንጣ ውስጥ ካለ አትጣሉት። በአሜሪካ የቪዛ አሠራር የፖሊስ ወረቀት ለ2 ዓመት ያገለግላል፤ ነገር ግን ከቀድሞ መኖሪያ አገር የወጣ ከሆነና ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ ወደዚያ አገር ካልተመለሳችሁ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ይቀበሉታል። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ፤ ለፋሲካ ቤተሰብ ልጠይቅ ብሎ ሁለት ሳምንት ደብረ ማርቆስ ደርሶ የተመለሰ ሰው ያን ጥቅም ያጣል፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ወረቀቱ በአዲስ መተካት አለበት። ካናዳ በበኩሏ አሁን ለማትኖሩበት አገር የምትጠይቀው ወረቀቱ እዚያ 6 ወርና ከዚያ በላይ ለመጨረሻ ጊዜ ከኖራችሁ በኋላ የተሰጠ መሆኑን ነው። አሁን ለምትኖሩበት አገር ግን ከማመልከቻው በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት። አውስትራሊያ ከተሰጠበት ቀን 12 ወር ትቆጥራለች።

እንግዲህ ይህን ሳታነቡ አዲስ አበባ ያለውን ዘመድ ማስጀመር ሁለት ኪሳራ አለው፤ ወይ የማያስፈልግ ወረቀት ታስወጣላችሁ፣ ወይ የሚያስፈልገውን ቀድማችሁ አውጥታችሁ ማመልከቻው ሲደርስ የወረቀቱ ጊዜ ያልፋል።

አሻራ ባሉበት፣ ሥራው በውክልና

ይህ መንገድ ረጅም የሚመስለው ሲነገር ነው። ሲሠራ ግን ሦስት ነገር ነው፦ አሻራ፣ ውክልና፣ ማረጋገጫ።

አሻራው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፤ አለዚያ በምትኖሩበት አገር ፖሊስ ዘንድ ተሰጥቶ ኤምባሲው ያረጋግጠዋል። የትኛውን እንደሚቀበሉ ከኤምባሲው ጠይቁ፤ ከአገር አገር ይለያያል። በአገራችሁ ኤምባሲ ከሌለ ያን አገር ደርቦ የያዘው የጎረቤት አገር ኤምባሲ ነው የሚመለከታችሁ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግር የሚመጣው ከጣቱ ራሱ ነው። በእጁ የሠራ ሰው አሻራው ይደበዝዛል፤ አፈርና ድንጋይ የነካ ጣት፣ በረኪና እና የወለል ማጽጃ ውስጥ ዓመታት የቆየ ጣት መስመሩ ይጠፋል። ጎጃም ውስጥ እርሻ ላይ አድጋ ሪያድ ወይም ኩዌት በቤት ሠራተኛነት ለኖረች ልጅ ሁለቱም ደርሰውባታል። ደብዛዛ አሻራ አዲስ አበባ ደርሶ «አይነበብም» ከተባለ እንደገና ከዜሮ ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ለጥቂት ሳምንታት እጅን በጓንት መሥራት፣ ማታ ማታ ቅባት መቀባት፣ በቀጠሮው ቀን ግን ቅባቱን በደንብ አጥቦና አድርቆ መግባት ይጠቅማል። ቀለሙ ሲበዛ መስመሮቹ ይዋጣሉ፤ ሲያንስ ይቆራረጣሉ። ጣቱ ከጥፍር ጫፍ እስከ ጥፍር ጫፍ ተንከባሎ መታተም አለበት። ሁለት ቅጽ አስሞሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። አሻራ የሚያነሳው ሠራተኛ ቢሰለች እንኳ ትሕትና ጨምሮ መጠየቅ ነው።

ከአሻራው ጋር የፓስፖርት ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ እና ውክልናው ይሄዳል። ዜግነት የቀየረ ሰው ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ እንዲሁም የቀድሞውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቅጂ ቢያያይዝ በስሙ የተነሳ የሚመጣውን ጥያቄ ያቃልላል። በተለይ አዲሱ ፓስፖርት ላይ የባል ስም ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም የገባ ከሆነ።

አሁን ወደ ውክልናው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስሕተቱም ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ከሚገባው በላይ ሰፊ ውክልና መስጠት ነው። «ለማንኛውም ይሁን» ብሎ ቤት መሸጥ፣ መሬት ማስተላለፍ፣ ባንክ ማንቀሳቀስ የሚያስችል ወረቀት ለአንድ ክሊራንስ ይጻፋል። ለፖሊስ ወረቀት የሚያስፈልገው ጠባብ ውክልና ነው፤ «ከኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነጻ ማስረጃዬን እንዲያመለክት፣ እንዲከፍል፣ እንዲቀበል፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሚመለከታቸው ኤምባሲዎች እንዲያረጋግጥ፣ እንዲልክልኝ» የሚል። ነገሩ በስሙ ተጠቅሶ ሲጻፍ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛም ለመተርጎም አይቸገርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራን ብቻ መሆኑን፣ ለሌላው ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ስለዚህ «ጠቅላላ ውክልና አለው፣ ሁሉን ይችላል» የሚለው የሰፈር ወሬ ሁልጊዜ አይሠራም።

ሁለተኛው ስሕተት ተወካዩን በአክብሮት መምረጥ ነው። የጎጃም ሰው አባት እያለ፣ ታላቅ ወንድም እያለ፣ ለአዲስ አበባው የአክስት ልጅ ውክልና መላክ ይከብደዋል። «እኔ ሞቻለሁ ወይ?» የሚል አባት አለ። ግን ወረቀቱ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው፤ ቀጠሮ «ነገ ተመለስ» ቢባል፣ «ሲስተም የለም» ቢባል፣ ከማርቆስ ተሳፍረው 300 ኪሎ ሜትር የመጡ ሽማግሌ ዘመድ ቤት ያድራሉ፤ በማግስቱም ያድራሉ። መፍትሔው አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2215 ተወካይ ሥራውን በራሱ እንዲሠራ ያዛል፤ ሌላ ሰው የሚተካው ወካዩ ሲፈቅድለት ነው። ስለዚህ ውክልናውን በአባታችሁ ስም አድርጉና «ሌላ ሰው ሊወክል ይችላል» የሚል ሐረግ አስገቡበት። አባት ማርቆስ ሆነው ለአዲስ አበባው ልጅ ያስተላልፋሉ፤ ክብርም ይጠበቃል፣ ጉዳዩም ይሄዳል። ይህ ሐረግ ከሌለበት ግን አባትየው ቢታመሙ ወይም መንገድ ቢዘጋ አዲስ ውክልና ከውጭ እስኪመጣ ሁሉም ይቆማል። ነገሩን ቀድሞ ተነጋግሮ ሁለት ተወካይ በአንድ ወረቀት «በጋራም በተናጠልም» ብሎ መሰየምም ይቻላል።

ውክልናው ኤምባሲ ፊት ከተፈረመ አገር ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ከዚያ ሁላችንም «ውልና ማስረጃ» የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይመዘግበዋል። በአገሩ ኖታሪ ዘንድ የተፈረመ ከሆነ ግን ከዚህ በፊት ሌላ ደረጃ አለው፤ የዚያ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኤምባሲ። ኤምባሲ ያለበት ከተማ ለመሄድ አንድ ቀን ማጥፋት ከዚህ የማኅተም ሰልፍ ያድናል፤ እሱኑ እመክራለሁ። አሻራና ውክልናን በአንድ ቀን ቀጠሮ ማስያዝ ከተቻለማ ይበልጥ ጥሩ።

ራስ መምጣት

ለመምጣት ያሰበ ሰው ራሱ ይስጥ። አሻራው ቢደበዝዝ እዚያው ይደገማል፣ ስሙ ቢጣመም እዚያው ይታረማል። ለክሊራንስ ብቻ ቲኬት መቁረጥ ግን ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም።

ለጎጃም ልጅ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ከቦሌ ወርዶ በቀጥታ ወደ ቤት፣ ክሊራንሱ ሲመለሱ፤ ይህ የብዙ ሰው ዕቅድ ነው፤ መገልበጥ አለበት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ የዓባይ በረሃ መንገድ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። የመመለሻ በረራ ሦስት ቀን ሲቀረው ደጀን ላይ የቆመ ሰው አሻራ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባ በገባችሁ በማግስቱ አሻራ ስጡ፣ ለአንድ የአዲስ አበባ ዘመድ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ጠባቡን ውክልና ስጡ፣ ከዚያ ወደ ቤተሰብ ሂዱ። ወረቀቱ እናንተ ጎጃም እያላችሁ ቢደርስ ዘመዱ ይቀበላል፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢደርስም ይልክላችኋል። ባሕር ዳር ለሚደርስ ሰው አውሮፕላን አለ፤ ምሥራቅ ጎጃም ለሚሄድ ግን ከባሕር ዳር ወደ ኋላ የሚመለሰው መንገድም ያው መንገድ መሆኑን አትርሱ።

ይህን መንገድ ከሁሉ በላይ የምመክረው አገር ቤት እያለ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፍርድ ቤት ደርሶ ለነበረ ሰው ነው። ተከሶ በነጻ የተሰናበተ፣ በዋስ ወጥቶ መዝገቡ የተዘጋ፣ ወይም በአምባጓሮ ተቀጥቶ የጨረሰ ሰው ጉዳዩን በሌላ ሰው አፍ ማስረዳት ይከብደዋል። እዚህ ላይ ጎጃም ያለው ቤተሰብ እውነተኛ ጥቅሙ ይታያል፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግልባጭ ያለው እዚያው ነው፤ በወረዳው ፍርድ ቤት ወይም ደብረ ማርቆስ በሚገኘው የምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት። ግልባጩን የመዝገብ ቁጥር ይዞ መጠየቅ ፍለጋውን ያሳጥራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚባል ሥርዓትም አለው፤ ቅጣቱን ፈጽሞ፣ ጽኑ እስራት ከነበረ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት 2 ዓመት አልፎት መልካም ጠባይ ያሳየ ሰው ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ግን ተጠንቀቁ፦ የአሜሪካ የቪዛ ቅጽ ምሕረት የተደረገበትን ወይም የተሰረዘውንም ጭምር ይጠይቃል፤ አገር ቤት ተሰርዟል ማለት ቅጹ ላይ «የለም» ማለት ይቻላል ማለት አይደለም።

ለጉዳይ አስፈጻሚ መተው

ዘመድ አዲስ አበባ የሌለው ሰው አለ፤ ከቤተሰቡ የተኳረፈም አለ። እንዲህ ላለው ሰው ከፍሎ ማሠራት ነውር የለበትም። ሕጋዊ ጉዳይ አስፈጻሚ ሰልፍ ይቆማል፣ ያስተረጉማል፣ ማኅተም ያሰባስባል፣ ይልካል። አሻራ ግን አይወከልም። ስለዚህ ፈተናው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አሻራዬን እንዴት ነው የምልክልህ?» ብላችሁ ስትጠይቁት «አያስፈልግም፣ ፓስፖርትህን በቴሌግራም ላክልኝ፣ በሦስት ቀን አደርስልሃለሁ» ያለ ሰው የሚያደርስላችሁ የተሠራ ወረቀት ነው።

የተሠራ ወረቀት ዋጋው ከከፈላችሁት ብር ጋር አይገናኝም። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበን ሰው ካናዳ ለ5 ዓመት ትከለክላለች፤ እንግሊዝ በማታለል ለተያዘ እስከ 10 ዓመት ትሄዳለች፤ አውስትራሊያ ለ3 ዓመት ቪዛ ትነፍጋለች፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማታለል ምሕረት ካልተገኘ በቀር የዕድሜ ልክ እገዳ ያመጣል። ንጹሕ ሰው፣ እውነተኛውን ቢያወጣ ንጹሕ የሚባል ሰው፣ ቸኩሎ በሐሰተኛ ወረቀት ሲጠፋ ማየት ያናድዳል። «እኔ አላወቅሁም፣ ደላላው ነው» የሚለው መልስም አያድንም፤ ማመልከቻው ላይ የፈረመው አመልካቹ ነው።

የምትከፍሉት ሰው ካለ ውክልናው ጠባብ ይሁን፣ ክፍያው ግማሹ ወረቀቱ ሲታይ ይሁን፣ ዋናው ፓስፖርት በጭራሽ አይላክ።

አላመጣም ብሎ ማስረዳት

ይህ መንገድ ለጥቂት ሰው ነው፤ ለእነሱ ግን ብቸኛው ሊሆን ይችላል። ጥገኝነት የጠየቀ ወይም ስደተኛነቱ የጸደቀለት ሰው ከሸሸው መንግሥት ኤምባሲ ሄዶ አገልግሎት መጠየቁ በራሱ ጉዳይ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ወደ ኤምባሲው ከመሄዱ በፊት ጠበቃውን ያማክር። እንግሊዝም ካናዳም አውስትራሊያም ወረቀቱን በእውነት ማግኘት ያልቻለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ ዕድል ይሰጣሉ። የሚያሳምነው ግን ሙከራው ሲታይ ነው፤ የላካችሁት ደብዳቤ ቅጂ፣ የተመለሰ ኢሜይል፣ የቀጠሮ ወረቀት። «አገሬ ሰላም የለም» የሚል አንድ መስመር ብቻውን አይበቃም። የትኛው ዞን፣ የትኛው ሰነድ፣ መቼ ተጠይቆ ምን መልስ ተገኘ የሚለው ነው የሚነበበው።

ስምና ቀን፦ በየትኛውም መንገድ የሚከተላችሁ ጣጣ

ከአራቱ የትኛውንም ብትመርጡ አሻራው ንጹሕ ሆኖ ሥራው በስም ሊቆም ይችላል። «ገብረ ሥላሴ» እና «ወልደ ማርያም» ዓይነት ስሞች በእኛ ዘንድ አንድ ስም ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንዱ መሥሪያ ቤት ያያይዛቸዋል፣ ሌላው ይለያያቸዋል፤ የተለያየው ደግሞ «ገብረ» የልጁ፣ «ሥላሴ» የአባቱ ስም ሆኖ ይመዘገባል። «ወርቁ» በአንድ ወረቀት በኢ (Werku)፣ በሌላው በኦ (Worku) ይጻፋል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ በቤት የሚጠራበት ስም፣ የትምህርት ቤት ስምና የክርስትና ስም የተለያየ ሰው ብዙ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ አሻራ ቅጹም፣ ውክልናውም፣ ማመልከቻውም አሁን የምትጠቀሙበትን ፓስፖርት ፊደል በፊደል ይከተሉ። ወረዳ ያለው የልደት ወረቀት ከፓስፖርቱ የተለየ ከሆነ ክሊራንሱን ለልደት ወረቀቱ ብላችሁ አታጣሙት፤ ልዩነቱን በሌላ ማስረጃ ማስረዳት ይቀላል።

የልደት ቀን ከዚህ ይከፋል። በእኛ አቆጣጠር 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1992 ወይም 1993 ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደው 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደው 8 ዓመት ይጨመርለታል። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ዘመነ ሉቃስ አልፎ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ግን 12 ይሆናል። ወረዳ የተጻፈውን 1985 ሳይቀይር ቅጹ ላይ የገለበጠ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጀ ሌላ ሰው ይሆናል። በስደት ካምፕ የተመዘገቡ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው፤ ያኔ ቀኑን ያላወቀ መዝጋቢ የሰጣቸው ነው። እነሱም አሁን ባለው ፓስፖርት ይሂዱ፤ እናት «የተወለድከው በጥምቀት ማግስት ነው» ቢሉም እውነቱን ለቤተሰብ ያኑሩት።

በተቃራኒው፦ ጎጃም ሆኖ የውጭ አገር ወረቀት መፈለግ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተመልሶ የሚኖር ዳያስፖራ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የውጭ ዜጋም ይህ ይገጥመዋል። ምርጫው የሚከፈለው አገሩ በአሻራ ነው ወይስ በስም የሚያጣራው በሚለው ነው። የእንግሊዙ ኤክሮ (የወንጀል መዝገብ ቢሮ) እና የአውስትራሊያው ፌዴራል ፖሊስ በስምና በአድራሻ ታሪክ ስለሚያጣሩ ከባሕር ዳር ሆኖ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው መታወቂያና የምትከፍሉበት ካርድ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በአሻራ ነው፤ ክፍያው 18 ዶላር ሲሆን ከውጭ ያለ ሰው በቀለም የተነሳ የአሻራ ካርድ በፖስታ ይልካል። የካናዳው ፖሊስም አሻራ ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚላከውን ካርድ ዲጂታል የሚያደርጉ የተፈቀደላቸው ድርጅቶች አሉት። ስለ ጣት ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል።

ወረቀቱ ከወጣ በኋላ

አዲስ አበባ ያለው ሰው ወረቀቱን እንደተቀበለ ከመስኮቱ ሳይርቅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያንሳና ይላክላችሁ። እናንተ ፓስፖርታችሁን ከፊት አድርጋችሁ ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን፣ ፎቶውንና ማኅተሙን ተመልከቱ። ከተስማማችሁ በኋላ ጠያቂው አገር የሚፈልገው ከሆነ ብቻ በውጭ ጉዳይና በዚያ አገር ኤምባሲ ይረጋገጥ፤ ለብዙ ኢሚግሬሽን ማመልከቻ ስካን ተደርጎ የሚጫን ፋይል ስለሚበቃ ሁሉንም ማኅተም ማሰባሰብ ግዴታ አይደለም። የባሕረ ሰላጤ አሠሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ ዋናውን ከነማኅተሙ ይፈልጋሉ። ስካኑ በጥሩ ጥራት በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ዋናው መከታተያ ቁጥር ባለው ፖስታ ይላክ። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ወረቀቱ አዲስ አበባ እያለ ማሳረም የአንድ ጠዋት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ቶሮንቶ ከደረሰ በኋላ ግን ወረቀቱን መልሶ ወደ አዲስ አበባ መላክና ሰልፉን እንደገና መያዝ ነው።